አንዲት ንብ ያስተማረችኝ



ባለፈው ዓመት አጎቴ ለማር ማሸጊያ ኩባንያቸው ዓርማ እንድሠራላቸው አዘዙኝ። እኔም ሥዕል ዐውቃለሁ በማለት በኮምፒዩተር አንዲት ንብ ሥዬ ሰጠኋቸው። በስልክ ስትታይ ያማረች ነበረች። በሦስት ሜትር ሰሌዳ ላይ በታተመች ጊዜ ግን ጠርዟ ሁሉ እንደ ደረጃ ተሰባበረ፤ የኅትመቱም ገንዘብ ባከነ። አጎቴ አልተቈጡኝም፤ ዝምታቸው ግን ከቍጣ ይልቅ አሳፈረኝ።

ምክንያቱን ስመረምር፥ ሥዕሌ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ባለቀለም አራት ማዕዘኖች የተሠራ መሆኑን ተረዳሁ። ቍጥራቸው የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ሥዕሉ ሲተልቅ እነርሱም አብረው ይተልቃሉ። የቬክተር ሥዕል ግን ነጥብንና መስመርን በሒሳብ ስለሚይዝ፥ መጠኑ በተለወጠ ቍጥር እንደ ገና ይሰላል፤ ጠርዙም አይበላሽም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሬኖ መኪና ፋብሪካ መሐንዲስ ፒዬር ቤዚዬ የመኪና አካል ለመንደፍ የተጠቀሙበት ጥምዝ መስመር ዛሬም የዚሁ ሥራ መሠረት ነው።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውንና ያለ ዋጋ የሚገኘውን ኢንክስኬፕን መማር ጀመርሁ። የመጀመሪያውን ክንፍ በአርባ ነጥብ ብሥለው ጐርበጥባጣ ሆነ። ነጥቦቹን ቀንሼ እጀታቸውን ማዘንበል በለመድሁ ጊዜ ግን አራት ነጥብ በቃኝ።

አዲሱ ሰሌዳ ዛሬ በአጎቴ በር ላይ ቆሟል፤ ዋጋውንም በክረምት ሕፃናት አስጠንቼ ባገኘሁት ገንዘብ ከፈልሁ። ጓደኞቼ ሆይ፥ ያልተማሩትን ዐውቃለሁ ማለት የሰው ገንዘብ ያባክናል፤ ስሕተትን መርምሮ መማር ግን የጠፋውን እምነት ይመልሳል።