በነፃ የተገኘ ፕሮግራምም ባለቤት አለው
(የኮምፒውተር ሥልጠና ላጠናቀቁ ወጣቶች አሠልጣኞቹ በምረቃው ዕለት ያደረጉት ንግግር)

ዛሬ የምናነሣው በሥልጠናው ወቅት በቂ ጊዜ ያልሰጠነውን አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሌሎች የሠሯቸውን ላይብራሪዎች ከራሳችን ፕሮግራም ጋር ስናድል ያለብን ግዴታ ነው።

ላይብራሪ ስንል የመጻሕፍት ቤት ማለታችን አይደለም። ሌሎች ባለሙያዎች ጽፈው ማንም እንዲጠቀምበት የለቀቁት የፕሮግራም ክፍል ማለታችን ነው። ገንዘብ ስላልተከፈለበት ግን ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የቅጂ መብቱ የጸሐፊው ነው፤ እኛ የያዝነው ፈቃድ ብቻ ነው።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ባለፈው ዙር በጋራ የሠራነውን የመዝገበ ቃላት ፕሮግራም በፍላሽ አባዝተን ስናድል፣ ቦታ ለመቆጠብ ብለን «ላይሰንስ» የሚል ስም ያላቸውን ፋይሎች በሙሉ ሰረዝናቸው። ከሠልጣኞቹ አንዷ «የሠሩት ሰዎች ስም የት ሄደ?» ብላ ስትጠይቀን መልስ አልነበረንም። የተረፈው ቦታ ከአንድ ፎቶግራፍ አይበልጥም፤ የሰረዝነው ግን ለማደል መብት የሰጠንን ወረቀት ነበር። ፍላሾቹን ሰብስበን እንደገና ጫንናቸው።

ፈቃዶቹ የተለያዩ ናቸው። ኤምአይቲና ቢኤስዲ የተባሉት ቀላል ናቸው፤ የጸሐፊውን የቅጂ መብት መግለጫና የፈቃዱን ቃል አብሮ መስጠትን ይጠይቃሉ። አፓቼ 2.0 በተጨማሪ የለወጥነውን ፋይል መለወጣችንን እንድንገልጽና «ኖቲስ» የተባለ ፋይል ካለ መግለጫውን እንድናስተላልፍ ያዝዛል።

ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው ጂፒኤል ግን ጠበቅ ይላል። ከጎረቤት እርሾ ወስዳ የጋገረች ሴት ነገ ለሚጠይቃት እርሾ እንደማትከለክል ሁሉ፣ የጂፒኤልን ላይብራሪ ከፕሮግራሙ ጋር አዋሕዶ ለሌላ የሚሰጥም ሙሉውን ፕሮግራም በዚያው ፈቃድ መስጠት አለበት፤ ተቀባዩም ሶርስ ኮዱን የማግኘት መብት አለው። መሸጥ አልተከለከለም። ለሌላ ሳይሰጡ ለራስ ብቻ መጠቀምም ይህን ግዴታ አያመጣም።

ስለ ፊደላችንም እንናገር። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የግዕዝ ፎንት የተለቀቀው በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ነው። ከፕሮግራም ጋር ማደልም መሸጥም ይቻላል፤ ነገር ግን የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ መሄድ አለበት፤ ፎንቱን ለብቻው መሸጥም ክልክል ነው።

«ለዚህ ማን ይከሳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። በአሜሪካ የሞዴል ባቡሮችን ለመቆጣጠር የሚያገለግል ነፃ ሶፍትዌር ነበር። ከጻፉት አንዱ የሆኑት ሮበርት ጃኮብሰን፣ አንድ ነጋዴ የጸሐፊዎቹን ስምና የቅጂ መብት መግለጫ ትቶ ፋይሎቹን በራሱ ምርት ውስጥ አስገብቷል ብለው ከሰሱ። የታችኛው ፍርድ ቤት የዕግድ ጥያቄያቸውን አልተቀበለም። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠው ውሳኔ፣ ሶፍትዌሩ በነፃ ቢሰጥም የፈቃዱ ሁኔታዎች በቅጂ መብት ሕግ ሊጸኑ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ተከራካሪዎቹ በ2010 በስምምነት ጨረሱ።

ስለዚህ ለምትሠሩት ፕሮግራም ሁሉ አንድ ዝርዝር ያዙ። የላይብራሪውን ስም፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ከየት እንደወሰዳችሁትና ፈቃዱን ጻፉ። አንድ ላይብራሪ ሌሎችን በውስጡ ይዞ ስለሚመጣ እነዚያንም መዝግቡ። ፈቃድ ያልተጻፈበትን ኮድ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አታድሉ። ይህን ሁሉ በመጨረሻው ቀን ሳይሆን ሥራውን በጀመራችሁበት ዕለት አድርጉት።

ነገ ሥራችሁን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ዝርዝር ሊጠይቃችሁ ይችላል። ወረቀትን አሟልቶ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ለስደተኛ አይነገረውም። ሥራችሁም ወረቀቱን አሟልቶ ይውጣ።

መልካም የሥራ ዘመን እንመኝላችኋለን።