የልጅ ቃል በዳኛ ፊት
(በእድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



እድራችን የቆመው ለሞትና ለኀዘን ነው። ነገር ግን ድንኳን የማይተከልለት፣ ጥሩንባ የማይነፋለት ኀዘንም በየቤቱ አለ። ዛሬ የምንናገረው ስለዚሁ ነው፤ ይኸውም በገዛ ዘመዱ ስለተደፈረ ሕፃንና ፍርድ ቤት የእንዲህ ያለውን ልጅ ቃል እንዴት እንደሚመዝን ነው።

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ሲባል አድገናል። ተረቱን አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ልጅን ዝም ለማሰኘት ነው። ከዓመታት በፊት እኛም ሽማግሌ ተብለን ለእንዲህ ያለ ነገር ተጠራን። ልጅቱን ያስቀመጥናት ከአጎቷ ፊት ለፊት ነበር፤ ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን ተቀምጧል። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። እኛም ዝምታዋን እንደ ውሸት ቆጥረን፣ አስታርቀን፣ ጠላ ቀምሰን ወደየቤታችን ሄድን። እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

ዳኛ ግን ብስሉን ከጥሬው መለየት አለበት እንጂ ሁለቱንም አይጥልም። እኛ በሁለትና በሦስት ምስክር መፍረድን ለምደናል። ታዲያ ይህ ወንጀል የሚፈጸመው በር ተዘግቶ፣ እናት ውሃ ስትወርድ ነው፤ ከልጁ በቀር የዓይን ምስክር ከየት ይመጣል? የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህን ያህል ምስክር ካልቀረበ አይፈረድም ብሎ ቁጥር አልወሰነም። ስለዚህ የአንድ ልጅ ቃል ዳኛውን በሚገባ ካሳመነ ሊበቃ ይችላል።

ዳኛው ምን ምን ይመለከታል? አንደኛ፣ የነገሩ ግንድ መጽናቱን። ሕፃን ቀንና ሰዓት አይቆጥርም፤ «ገብስ ሲታጨድ»፣ «እማዬ ገበያ የሄደች ዕለት» ይላል። ቀኑን ቢስት ቅርንጫፍ ነው፤ ማን ምን እንዳደረገው ግን ግንዱ ነው። ሁለተኛ፣ አነጋገሩ የልጅ መሆኑን ወይም የአዋቂ ቃል ተሸምድዶ እንደሆነ። ሦስተኛ፣ ልጁ መጀመሪያ ለማን፣ እንዴት እንደተናገረ። አራተኛ፣ በቤቱ የመሬት ወይም የፍቺ ክርክር ኖሮ ያስጠናው ሰው እንዳለ። ተከሳሽም እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 አለውና ይህን መመርመር ይገባል። አምስተኛ፣ የሐኪም ማስረጃ። ነገር ግን የሕፃን ገላ ቶሎ ይሽራል፤ ቁስል አልታየም ማለት ድርጊቱ አልተፈጸመም ማለት አይደለም።

ዕድሜም ትልቅ ነገር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 627 ዕድሜዋ 13 ዓመት ያልሞላትን ልጅ የደፈረ ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ያዛል። ልጅቱ በእሱ እጅ የምታድግ ከሆነች ደግሞ ቅጣቱ ይከብዳል። የልደት ወረቀት የሌለን ብዙዎች ነን፤ የክትባት ካርድና የክርስትና ወረቀት እንጠብቅ። ክርስትና እናትም 80 ቀኗን ታስታውሳለች።

አዲስ አበባ ልደታ በሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለሕፃናት የተለየ ክፍል ተሠርቶላቸዋል። ልጁ ተከሳሹን ሳያይ ይናገራል፤ ዳኛው በቴሌቪዥን ያየዋል፤ ጥያቄውንም ሙያ ያለው ሰው በልጅ ቋንቋ ያቀርብለታል። እኛ ያችን ልጅ አጎቷ ፊት ከማስቀመጣችን ጋር አስተያዩት እንግዲህ!

ወገኖቼ፣ ከደባርቅም ሆነ ከዳባት ወጣ ብሎ፣ ከሊማሊሞ በታችም ላለ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሩቅ ነው፤ ሽማግሌ ግን ቅርብ ነው። የልጅ ቃል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በበኩላችን እንዲህ እንላለን፦

ልጁ ሲናገር እንስማ እንጂ ደጋግመን አንመርምር፤ የኛን ቃል በአፉ እናስገባለንና። ሐኪም ሳያይ ገላውን አናጥብ፤ ልብሱንም ሳናጥብ በወረቀት ጠቅልለን እንያዝ። በ3 ቀን ውስጥ ጤና ጣቢያ ከተደረሰ የኤችአይቪና የእርግዝና መከላከያ መድኃኒት አለ። ወንጀሉን ለፖሊስ ማመልከት የወላጅ ብቻ ሳይሆን የማንኛውም ሰው መብት ነው። በሽምግልና መታረቅም ክሱን አያስቀርም።

ገበና ነው እየተባለ ስንት ልጅ ዝም አለ! ለሞተ ሰው አፈር ለማልበስ አንድም ቀን ቀርተን አናውቅም። በሕይወት ላለ ልጅም ፍርድ ቤት ድረስ አብረነው እንሂድ።