አንገት መድፋት ጥፋተኛነት አይደለም
(በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ምላስ ሳይሆን ስለ ዓይን ነው። እንደምታስታውሱት ከመዋጮው ሒሳብ ገንዘብ ጎደለ ተባለና መዋጮ የሚሰበስበውን ልጅ ሽማግሌዎች ፊት አቆምነው። ልጁ አንገቱን ደፋ፤ ድምፁም ጠፋ። «አያችሁ! ቀና ብሎ ማየት እንኳ አቃተው» አልን። ካሉትም አንዱ እኔ ነኝ። ከሳምንት በኋላ የድንኳን ኪራይ የተከፈለበት ደረሰኝ ከመዝገቡ ሽፋን ሥር ተገኘ፤ ሒሳቡም ልክ መጣ።

እስቲ እናስበው። ታላቅን ዓይን ለዓይን አትይ፣ በሁለት እጅህ ተቀበል፣ ሲገባ ብድግ በል እያልን ያሳደግነው እኛው አይደለንም እንዴ? ያስተማርነውን ቢፈጽም ሌባ አደረግነው! ከአሜሪካ ለዕረፍት የሚመጡት ልጆቻችን ደግሞ ትኩር ብለው ሲያዩን «ደፋር» እንላቸዋለን። እነሱ ባደጉበት አገር ግን የሚጠረጠረው ዓይኑን የሚሰብረው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ ሰው የሌላውን ሁኔታ አይቶና ሰምቶ ውሸትን ከእውነት የሚለየው በአማካይ ከ100 ጊዜ 54ቱን ያህል ብቻ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመፍረድ ብዙም አይሻልም።

ልጁን በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ወደፊትም ሰው ከመጠየቁ በፊት መዝገቡ እስከ ሽፋኑ ተገላብጦ ይታይ፤ ይህንኑ ለድምፅ አቀርባለሁ።