ተሸናፊ ቡድን መውደድ

የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ የሆነችው ዋሽንግተን ዲሲ ናሽናልስ የሚባል የቤዝቦል ቡድን አላት። በ2019 የወርልድ ሲሪስን ዋንጫ አነሳ። በ2022 ግን ከ162 ጨዋታ 107ቱን ተሸነፈ፤ በዚያ ዓመት ከሜጀር ሊግ ቡድኖች ሁሉ የከፋው ውጤት ነበር።

ቤዝቦል እንደ እግር ኳስ ሳምንት አይጠብቅም። ማታ የተሸነፈ ቡድን በማግስቱ ደግሞ ይሰለፋል፤ ደጋፊውም ሐዘኑ ሳይወጣለት እንደገና ይቀመጣል። ይህ ስድስት ወር ይዘልቃል።

እኔን ከሽንፈቱ ይልቅ የሚከብደኝ የተጫዋች ልውውጡ ነው። የቡድኑ ተጫዋች ሁዋን ሶቶ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም አለ። ክለቡም በዚያው በ2022፣ ኦገስት 2 ቀን፣ ለሳንዲያጎ ቡድን አሳልፎ ሰጠው። በእግር ኳስ ቢሆን ገንዘብ ይመጣ ነበር፤ እዚህ ተጫዋች በተጫዋች ይለወጣል፣ በምትኩ የመጡትም አብዛኞቹ ገና ያልተፈተኑ ልጆች ነበሩ። ስሌቱ ይገባኛል። የሶቶን ማሊያ ለብሶ ለሚያድር ሕፃን ግን ማን ያስረዳዋል?

ከልውውጡ በኋላ በ10ኛው ቀን ሶቶ በሳንዲያጎ ማሊያ ዋሽንግተን ገባ። ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት፤ እሱም የራስ ቁሩን አንስቶ አመሰገነ። ይህን ፍቅር ከዋንጫ አላሳንሰውም።

በልውውጡ ከመጡት ውስጥ ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ዉድና መኬንዚ ጎር በ2025 ለኦል ስታር (የሊጉ ኮከቦች ጨዋታ) ተመርጠዋል። ቡድኑ ግን በዚያው ዓመት 96 ጊዜ ተሸንፏል።