ከመድረክ በፊት የሚሰማ ድምፅ፦ ለባቲ ሙዚቃዊ ቴአትር የናሙና ዘፈን ስለ መድረስና ስለ መቅዳት

(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ከመጋረጃው በስተኋላ የሚውል ሥራን የሚመለከት ነው። አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት፣ ለአዘጋጁ፣ ለተዋንያኑና ገንዘብ ለሚያወጣው ክፍል የሚሰማ ጥቂት የዘፈን ቅጂ ይዘጋጃል። በሙያችን አነጋገር ዴሞ ወይም የናሙና ቅጂ የምንለው ነው። ይህ ቅጂ ገበያ የሚወጣ ሸክላ ወይም ካሴት ባለመሆኑ ብዙዎቻችን እንደ ረቂቅ ወረቀት አቅልለን እናየዋለን። ነገር ግን ድርሰቱ መድረክ ላይ ይቁም ወይም በመሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለው ፍርድ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በዚሁ ቅጂ ላይ ነው። የደራሲውና የዘፋኙ መብትም ከዚሁ ይጀምራል።

ለምሳሌ የምወስደው ባቲን ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደጋው ወደ ቆላው በሚወርድበት ስፍራ የምትገኝ፣ ዛሬ ከሚሴን ዋና ከተማው ባደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለች ከተማ ናት። የሰኞ ገበያዋ ስመ ጥር ነው። የደጋው ገበሬ እህሉን፣ የአፋር አርብቶ አደር ግመሉንና ፍየሉን ይዞ የሚገናኝበት፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ የሚሰሙበት ገበያ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠረውም ቅኝት ስሙን ከዚህች ከተማ ጋር ይጋራል። እንግዲህ አንድ ደራሲ በሰኞ ገበያ ላይ የሚውል ሙዚቃዊ ቴአትር ልድረስ ቢል፣ ታሪኩንም ቋንቋውንም ቅኝቱንም በአንድ ቦታ ያገኛል ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ርስት ለቴአትር ደራሲ መቼ ይገኛል?

ቴአትርና ዘፈን በአገራችን አዲስ ተጋቢዎች አይደሉም። ዮፍታሔ ንጉሤ ቅኔውን፣ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን እያዋጡ አብረው መሥራታቸው የታወቀ ነው፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙርም የሁለቱ ፍሬ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴአትርና ዘፈንን በአንድ መድረክ ሲያቀርብ ኖሯል። በኋላም በየክፍለ ሀገሩ የተቋቋሙት የኪነት ጓዶች፣ በደሴ የነበረው የወሎ ላሊበላ ኪነት ጭምር፣ ዘፈንን ከውዝዋዜና ከአጭር ድራማ ጋር አጣምረው አሳይተዋል። ሆኖም በብዙው ልማዳችን ዘፈኑ የሚመጣው ተዋናዩ ሲያርፍ ነው። ድራማው ይቆማል፤ ዘፈን ይገባል፤ ድራማው ይቀጥላል። ሙዚቃዊ ቴአትር ግን ዘፈኑ ራሱ ድርጊቱን እንዲያራምድ ይጠይቃል። ዘፈኑ ሲጀመር ያልወሰነው ሰው ዘፈኑ ሲያልቅ ወስኖ መገኘት አለበት። የናሙናው ዘፈን የመጀመሪያ ፈተናም ይኸው ነው፤ ከድራማው ተነቅሎ ቢወጣ ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ ገና አልተደረሰም።

አሁን ወደ ድርሰቱ ልለፍ። የባቲ ቅኝት በዋናው መልኩ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ በሚሉ አምስት ድምፆች ይቆማል። ከዶ እስከ ሚ ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ ከሚ እስከ ፋ ግማሽ ድምፅ፣ ከፋ እስከ ሶል አንድ ሙሉ ድምፅ፣ ከሶል እስከ ሲ እንደገና ሁለት ሙሉ ድምፅ፣ ከሲ ወደ ላይኛው ዶ ግማሽ ድምፅ ነው። በሌላው መልኩ ሚና ሲ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ። ይህን የምዘረዝረው የሙዚቃ ትምህርት ለመስጠት ብዬ አይደለም፤ ለድራማው ትርጉም ስላለው ነው። ቅኝቱ ሰፊ ዝላይና ጠባብ እርምጃን አጎራብቶ የያዘ ነው። ጥሪ፣ ፉከራ፣ የሩቅ ሰው ስም ማንሣት ለዝላዩ ይስማማሉ፤ ምስጢርና ማመንታት በሚና በፋ፣ በሲና በዶ መካከል ባለችው ጠባብ በር ይገባሉ። በዋናው መልክ የተዘፈነ የገበያ ጥሪ በመጨረሻው ገቢር ሚና ሲ ዝቅ ብለው ቢመለስ፣ ተመልካቹ አንዳች ነገር እንደ ተለወጠ ያለ ማብራሪያ ይሰማዋል።

ቃሉ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በአማርኛ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣሉ። «ይሸጣል» የሚለው ቃል «ሸ» ሲላላ ሻጩን፣ ሲጠብቅ የሚሸጠውን ያመለክታል። በባቲ ገበያ ላይ ስለ ግመል በሚዘፈን ዘፈን ዜማው ይህችን ፊደል አላልቶ ካለፈ፣ ግመሉ ነጋዴ ሆኖ ቁጭ ይላል። «ገና» እና «ዋና» የሚሉትም ቃላት እንዲሁ ናቸው። በንግግር ተዋናዩ በፊቱና በእጁ ያቃናዋል፤ በናሙና ቅጂ ግን ፊትም እጅም የለም፤ ያለው ጆሮ ብቻ ነው። ስለዚህ የዜማ ደራሲ ግጥሙን ከመንካቱ በፊት ጮክ ብሎ አንብቦ የሚጠብቁትን ፊደላት ምልክት ያድርግባቸው፤ ለእነርሱም የሚያርፉበት ጊዜ ይስጣቸው። ሰምና ወርቅ ያለበት ስንኝ ከሆነማ ጥንቃቄው እጥፍ ይሆናል።

የቋንቋው ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። የሰኞ ገበያ በአማርኛ ብቻ ከተዘፈነ ገበያው የባቲ አይሆንም። ኦሮምኛ የሚናገረው ገበሬ በኦሮምኛ፣ አፋሩም በአፋርኛ ቢዘፍን፣ ተቀባዩ ደግሞ ሁሉም በሚያውቀው ቃል ቢያጅብ፣ ያልገባው ተመልካች ከድርጊቱ ይረዳል። ግን የኦሮምኛው ስንኝ ከአማርኛ የተተረጎመ እንዳይሆን፤ በቋንቋው የሚገጥም ደራሲ ከመጀመሪያው ይግባበት። ወሎ የመንዙማ አገር መሆኑም ይታወቃል። መንዙማ ግን የእምነት ዜማ ነው፤ ለጌጥ ሲባል ብቻ ተቆርጦ መድረክ ላይ የሚለጠፍ አይደለም። ታሪኩ የሚፈልገው ከሆነ ባለቤቶቹን ጠይቆ በክብር ማቅረብ ይገባል።

ስለ ዘመንም አንድ ቃል። በባቲ የሚያልፈው መንገድ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብ መንገድ ነበር፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ያ ንግድ ተቋረጠ። ስለ ከባድ መኪና ሾፌር የሚዘፈን ዘፈን ከዚያ በፊት ከሆነ ባሕር ያሸታል፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ ባሕሩ ትዝታ ነው። ደራሲው ዓመቱን ሳይወስን ግጥም አይጀምር።

ወደ ቅጂው ስንመጣ፣ ሁሉንም ዘፈን መቅዳት አያስፈልግም። ሦስት ይበቃሉ፦ ዓለሙን የሚከፍተው የገበያው ኅብረ ዝማሬ፣ ሁለት ሰዎች እየተከራከሩ የሚዘፍኑት፣ ዋናው ሰው የሚወስንበት። መሣሪያውም ይቅለል። አንድ ክራር፣ አንድ ማሲንቆ፣ ጭብጨባና ከበሮ ከበቂ በላይ ናቸው። በኪቦርድ መቅዳት የሚቀል ይመስላል፤ ነገር ግን ኪቦርዱ ድምፁን በአሥራ ሁለት እኩል ክፍል የሚቆርስ ስለሆነ፣ የማሲንቆ ተጫዋች በጣቱ የሚያገኛትን ስሱን ድምፅ ይገፋታል። ተዋናዩ በዚያ ቅጂ ተለማምዶ መድረክ ላይ ከማሲንቆ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ይጣላሉ። በጥንቱ ልማድ ክራር የሚቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ ነው፤ ለናሙናውም ይህን ልማድ ብንከተል እናተርፋለን። ዋሽንት ካለ አስቀድሞ ይታሰብ፤ ድምፁ በቀዳዳው የተወሰነ ስለሆነ ከፍታው ሲለወጥ ዋሽንቱም ይለወጣል። ክራሩም ከባቲ ወደ ትዝታ ለመዞር ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ሲወሰን በመካከል ንግግር ይግባ፣ ወይም ሁለተኛ ክራር ተቃኝቶ ይጠብቅ። ይህን ሁሉ በናሙናው ጊዜ ያልፈተነ ሰው በመክፈቻው ምሽት ይፈተናል።

እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ ይቀዳ፤ አንዱ ከነድምፁ ለአዘጋጁና ለደጋፊው፣ ሌላው ያለ ድምፅ ለልምምድ። ስቱዲዮ ባይኖር ጸጥ ያለ ክፍልና ደህና ስልክ ይበቃሉ፤ ባቲ ላይ የሚቀዳ ሰው ግን ሰኞን ለማዳመጥ ያድርገው፣ ለቅጂው ሌላ ቀን ይምረጥ። በውጪው ዓለም ቅጂ መድረክን የቀደመበት ጊዜ አለ። የአንድሩ ሎይድ ዌበርና የቲም ራይስ «ጂሰስ ክራይስት ሱፐርስታር» በ1970 እ.ኤ.አ. በሸክላ ወጥቶ ከተደመጠ በኋላ ነው በ1971 እ.ኤ.አ. በብሮድዌይ መድረክ የቆመው። ድምፁ በራሱ ታሪኩን ስለ ተሸከመ መድረኩን አስከፈተ።

የመጨረሻው ነጥቤ ከሁሉ ይከብዳል። ስለ ቅጅና ተዛማጅ መብቶች የወጣው አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ሥራ ጥበቃ እንዲያገኝ ወጥ መሆኑንና በጽሑፍ፣ በቅጂ ወይም በመሳሰለው መያዙን ይጠይቃል። የሥራ አመንጪው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ያ «ረቂቅ» የምንለው ቅጂ በሕግ ፊት የልደት ምስክር ወረቀት ነው። በላዩ ላይ የማን ስም አለ? ስንቱ የወሎ ዜማ «የሕዝብ» ተብሎ የገጣሚው፣ የዜማ አውጪው፣ የመሰንቆ መቺው ስም ሳይያዝ ቀርቷል! የሕዝብ የሆነውን የሕዝብ እንበል፤ ባለቤቱ በሕይወት እያለ ስሙን ያልጠየቅነውን ሁሉ ግን የሕዝብ ማለት ማክበር መስሎ መንጠቅ ነው። አንዲት የባቲ ሴት ለናሙናው ያዋጣችው ሁለት ስንኝ ቴአትሩ አዲስ አበባ ሲከፈት ስሟን ይዞ ሊገባ ይገባል።

ስለሆነም ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። ማንኛውም አባል የናሙና ቅጂ ሲያዘጋጅ፣ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት የዘፈኑን ስም፣ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የዘፋኙንና የተጫዋቾቹን ስም፣ ቅኝቱን፣ ቦታውንና ቀኑን በድምፅ ይናገር። ይኸውም በወረቀት ተጽፎ፣ ድርሻቸው ተለይቶ፣ ሁሉም ይፈርሙበት፤ አንድ ቅጂ ለእያንዳንዳቸው ይሰጥ። ግማሽ ደቂቃ ንግግርና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ይህን ካደረግን ባቲ ለአገሪቱ ሁሉ ስሟን ያዋሰች ከተማ ብቻ ሆና አትቀርም፤ የልጆቿም ስም አብሮ ይጠራል።