ድምፅ ማኅተም የለውም

በእንጦጦ ፓርክ ለዕድር አባላት፣ ለጡረተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ዲስኩር



 ከሠላሳ ዓመት በላይ በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር፣ የሰው አደራ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ጡረታ ወጥቼም አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። በስልክ እየደወሉ የሰውን የዕድሜ ልክ ጥሪት የሚወስዱ ሌቦች ነገር ነው። ዛሬ ስለ እነሱ፣ ከዚያም በላይ ስለ እኛ ስለራሳችን ልንነጋገር ነው።

ከተቀመጥንበት ብዙም ሳይርቅ እንጦጦ ማርያም አለች። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት እዚያ ነው፤ ከአጠገቧ ያለው አሮጌው ቤተ መንግሥታቸውም እስከ ዛሬ ቆሟል። በዚያ ዘመን ከንጉሡ ወደ ሩቅ አገር የሚላክ ደብዳቤ ከራስጌው ማኅተም ያርፍበት ነበር። መልእክተኛው ምንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን የሚታመነው ማኅተሙ ታይቶ ነው። ማኅተሙም በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ ይጠበቃል እንጂ ለመጣ ለሄደው አይሰጥም።

ቆይቶ ስልክ መጣ። መሣሪያው በቤተ መንግሥት ሲተከል፣ አካል ሳይታይ ድምፅ ብቻ መሰማቱ አንዳንድ ካህናትን አስደንግጦ «የሰይጣን ሥራ ነው» እንዳሰኛቸው ይነገራል። ይህን ታሪክ ስናወራ እንስቃለን። እኔ ግን ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ ለእነዚያ ካህናት አክብሮት አደረብኝ። ስለ መሣሪያው ተሳስተው ይሆናል፤ ፍርሃታቸው ውስጥ ግን እውነት ነበረች። በጆሯችን የገባው ድምፅ የማን እንደሆነ ዓይናችን አላየም። ድምፅ ማኅተም የለውም።

ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የመጀመሪያው የስልክ መስመር ወሬና ትእዛዝ ያመላልስ ነበር። የዛሬው ስልክ ገንዘብ ያመላልሳል። 2013 ዓ.ም.ን አስታውሱ። መስከረም 4 ቀን የብር ኖት መቀየሩ ታወጀ፤ ብዙ ሰው በሣጥንና በመቀነት ያኖረውን አውጥቶ ባንክ አስገባ። በዚያው ወር በ30ኛው ቀን ይህ ፓርክ ተመረቀ። ግንቦት 3 ቀን ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ዛሬ የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ነው፤ ባንኮቻችንም አገልግሎታቸውን ወደ ስልክ አዛውረዋል። ነዳጅ፣ የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕድር መዋጮ ሳይቀር በስልክ ሆኗል። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ሰልፍ ቀንሷል፣ ገንዘብ በደረት ይዞ መንገድ መውጣት ቀርቷል። ነገር ግን ሣጥናችን ወደ ኪሳችን ሲገባ ሌባውም ከደጃችን ተነሥቶ ወደ ጆሯችን መጣ።

በቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ ሽሮ ሜዳ የአገር ልብስ ይሸጣሉ። የበዓል ሰሞን ነበር፤ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ነው። አንዲት ልጅ ነጠላ እያነሣች ስትመርጥ ስልካቸው ጮኸ።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ፣ በዓሉ እንዴት ነው? ከባንክ ነው የምደውለው» አለ ትሑት የወጣት ድምፅ። ሙሉ ስማቸውን ጠራ። «ሲስተም እየቀየርን ስለሆነ ሂሳብዎ ዛሬ ካልተረጋገጠ ይዘጋል። በዓል ደርሶ እንዳይጉላሉ ብለን ነው።»

«ልጄ ተባረክ፤ እኔ እንዲህ ያለውን ነገር አላውቅበትም።»

«እኔ አለሁልዎት። ስልኩን ብቻ እንዳይዘጉት። አሁን በመልእክት ቁጥር ይገባልዎታል፤ እሱን ያንብቡልኝ።»

ነጠላ የያዘችው ልጅ ዋጋ ስትጠይቃቸው «ቆይ ልጄ፣ ባንክ ነው» አሏት። መነጽራቸውን አጥልቀው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለት። ሲያመሰግናቸው «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው መረቁት። ነጠላው ሳይታጠፍ፣ ልጅቷ ሳትከፍል፣ 86,000 ብር በሦስት ተከታታይ ዝውውር ከሂሳባቸው ወጣ። የበዓሉ ሽያጭና ለሸማኔዎቹ የሚከፈለው የድር ዋጋ አንድ ላይ ነበር።

ያ ቁጥር ምን ነበር? በሌላ ስልክ ላይ ሂሳባችሁን ለመክፈት የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ባንኩ «በእርግጥ ባለቤቱ ነህ?» ብሎ ወደ እናንተ ስልክ የሚልከው የአንድ ጊዜ መለያ ነው። ሌባው በእጁ ባለው ስልክ በሩን እያንኳኳ ነበር፤ እትዬ ቁልፉን በመስኮት አቀበሉት። የሚስጥር ቁጥራችሁም ሆነ ይህ በመልእክት የሚገባው ቁጥር የየአንዳንዳችሁ ማኅተም ነው። ጸሐፌ ትእዛዙ ማኅተሙን ለመንገደኛ እንደማይሰጥ ሁሉ እናንተም አትስጡ። ለባንክ ሠራተኛም ቢሆን! ሠላሳ ዓመት ስሠራ የማንንም ደንበኛ የሚስጥር ቁጥር ጠይቄ አላውቅም፤ ሥራችን አይጠይቀውምና።

«ስሜን እንዴት አወቀው?» ትሉ ይሆናል። ስምን ማወቅ ከባድ አይደለም። ገንዘብ ለመላክ ስልክ ቁጥር ሲገባ የባለቤቱ ስም የሚታይበት አሠራር አለ። በመንገድ የተጣለ ደረሰኝ፣ በቴሌግራምና በፌስቡክ የለጠፍነው የልጆች ምረቃ፣ በየመዝገቡ የጻፍነው ስልክ ቁጥር ሁሉ ይናገራል። ስለዚህ ስማችሁን፣ የልጃችሁን ስም፣ የቅርንጫፋችሁን ስም ቢጠራም ማንነቱን አላረጋገጠም።

አባቶቻችን «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። እንጦጦ ጅብን ያውቃል፤ በሌሊት ድምፁን ስንሰማ በር እንዘጋለን እንጂ ቁርበት አናነጥፍም። በስልክ የሚመጣው ጅብ ግን በልጅ አንደበት ነው የሚመጣው። «እማማ»፣ «አባባ»፣ «ጋሼ» ይላል። ለምን ይመስላችኋል? ሁለት ነገራችንን ስለሚያውቅ ነው።

አንደኛው ይሉኝታችን ነው። በትሕትና በሚያናግረን ሰው ጆሮ ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ሆኖ ይሰማናል። እትዬ በኋላ ሲያጫውቱኝ «ልቤ ጠርጥሮ ነበር፤ ግን እንዴት አድርጌ እዘጋበታለሁ?» አሉኝ። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ አልተለየኝም። ልባቸው አውቆ ነበር፤ ጨዋነታቸው አሰራቸው።

ሁለተኛው ድንጋጤያችን ነው። «ዛሬ ይዘጋል»፣ «በአሥር ደቂቃ ውስጥ»፣ «ስልኩን እንዳይዘጉት» የሚሉት ቃላት አንድ ዓላማ አላቸው፤ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን የምትጠይቁበት ፋታ እንዳታገኙ ነው። ቅዳሜ ማታና የበዓል ዋዜማ የሚመረጠውም ቅርንጫፍ ሄዳችሁ እንዳታጣሩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ነገር ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ አይገኝም።

የማታለያው መልክ ይለዋወጣል። አንዱ «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» ይላል፤ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍም ይደርሳችኋል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ጽሑፍ በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ከተራ ስልክ የመጣ ነው። የላኪው ስም የባንክ ቢመስል እንኳ ስም ሊመሳሰል ይችላልና ቀሪ ሂሳባችሁን ራሳችሁ ሳታዩ አንዲት ብር አትመልሱ። ሌላው «ሽልማት ደርሶዎታል» ይላል፤ ሎተሪ ያልቆረጠ ሰው ሎተሪ አይደርሰውም። ሌላው «ከውጭ አገር የተላከልዎ ዕቃ ኤርፖርት ተይዟል፣ ቀረጡን ይላኩ» ይላል። «የፋይዳ ምዝገባዎን ላስተካክልልዎ» የሚልም አለ። ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ፣ ከዚያም ስልክ ቁጥር አስገብታችሁ በመሰላል ምልክት እንድትደውሉ የሚያዝዝም አለ፤ ይህ ለእናንተ የሚደወለው ሁሉ ወደ እሱ እንዲዞር የሚያደርግ ትእዛዝ ነው። የማያውቁት ሰው ያዘዘውን ቁጥር መጫን ሳያነቡ እንደ መፈረም ነው።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም ከዚህ አላመለጡም። በተጠለፈ የቴሌግራም አካውንት «ታምሜያለሁ፣ ብር ላክልኝ» የሚል መልእክት ከእናት ስም ይደርሳቸዋል። ዛሬ ደግሞ ከአጭር ቅጂ ተነሥቶ የሰውን ድምፅ አስመስሎ የሚሠራ ቴክኖሎጂ አለ፤ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ስለዚህ በ2015 ዓ.ም. ሕዝቡን አስጠንቅቋል። የልጃችሁን ድምፅ የሰማችሁ ቢመስላችሁም ዘግታችሁ በምታውቁት ቁጥሩ መልሳችሁ ደውሉ። በየቤታችሁም አንድ የምልክት ቃል ተስማሙ፤ ከቤተሰብ ውጪ ማንም የማያውቀው፣ በጽሑፍ የማይላክ ቃል።

ወገኖቼ፣ መድኃኒቱ ረጅም አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዙልኝ፤ «እሺ ልጄ፣ ራሴ ባንክ ሄጄ እጠይቃለሁ።» ይህን ብላችሁ ዝጉ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ከሆነ ደስ ይለዋል። ሌባ ከሆነ ይቆጣል፣ ያስፈራራል፣ ይለምናል፤ ያኔ ማንነቱን በራሱ አንደበት ነገራችሁ። ከዚያ ለባንካችሁ ራሳችሁ በምታውቁት ቁጥር ደውሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 951 ነው፣ የኢትዮ ቴሌኮም 994 ነው። ደዋዩ በሰጣችሁ ቁጥር ግን አትደውሉ፤ እዚያ የሚያነሣው ጓደኛው ነው።

ነገሩ ከደረሰ በኋላስ? ደቂቃ አታባክኑ። ወዲያው ባንኩ ሂሳቡን እንዲያግድ ደውሉ፤ ገንዘቡ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ተዛውሮ በጥሬው ከመውጣቱ በፊት የሚያዝበት ዕድል ያለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ የዝውውር ቁጥሩና የደወለው ስልክ ማስረጃ ናቸው። ከዚያ በ991 ለፖሊስ አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ሥርዓት የሚፈጸም ማታለልን ወንጀል አድርጎታል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም አታላይነትን ይቀጣል።

ለወጣቶቹም አደራ አለኝ። «ሲምህን አውሰኝ፣ በሂሳብህ ብር ይግባና ድርሻህን ውሰድ» የሚላችሁ ሰው ይኖራል። የተሰረቀው ብር ማረፊያ የሚያገኘው በእንዲህ ያለ ሂሳብ ነው። ፖሊስ ሲከታተል በመጀመሪያ የሚያገኘው የእናንተን ስም ነው፤ የምትበሉት ድርሻም እንደ እትዬ ካለች እናት የተወሰደ የነጠላ ገንዘብ ነው። ደግሞም አያቶቻችሁን አታሸማቅቁ። «ይህንንም አታውቂም?» የተባለች እናት በሚቀጥለው ጊዜ አትጠይቃችሁም፤ የምትጠይቀው የደወለላትን ሰው ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚያሳዝነኝን ልንገራችሁ። እትዬ የደረሰባቸውን ለሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገሩም። «ሰው ምን ይለኛል? በስተርጅና ጅል ሆነች ይሉኛል» ብለው ዋጡት። በሦስቱ ሳምንት ውስጥ ያው ትሑት ድምፅ እዚያው ረድፍ፣ ከእሳቸው ሱቅ ሦስተኛው በር ላይ ላለች ሴት ደወለ። እሷም የመለያ ቁጥሩን አነበበችለት። እትዬ ሲሰሙ ያለቀሱት ከራሳቸው ብር ይልቅ ለእሷ ነበር። «እኔ ብናገር ኖሮ» አሉ።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል። ሐዘንን ለብቻ መሸከም ነውር ስለሆነ ነው ዕድር ያቋቋምነው። የስልክ ሌባ ሲመጣም ጡሩምባ ይነፋ! በዕድር ስብሰባ፣ በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ ቡና ላይ ይነገር። የተጭበረበረ ሰው የተበደለ ሰው ነው፤ ኀፍረቱ የበዳዩ ነው።

እትዬ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ናቸው። ከመደርደሪያቸው ላይ፣ ከጥበብ ቀሚሶቹ በላይ፣ የልጅ ልጃቸው በትልቁ የጻፈላቸው ወረቀት ተለጥፏል፤ «ራሴ ሄጄ እጠይቃለሁ» ይላል። ባለፈው ቁጭ ብለን ሳለ ስልካቸው ጮኸ፤ ያልታወቀ ቁጥር ነበር። አዳመጡ። ቀና ብለው ወረቀቱን አዩ። «እሺ ልጄ፣ ሰኞ ራሴ ባንክ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት። ከዚያ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ዛሬም ደወለ! ስልካችሁን ጠብቁ!» አሉ። በረድፉ ያሉ ሻጮች በሙሉ ቀና አሉ።

ዛሬ ከዚህ ተራራ ስትወርዱ ይህንን ድምፅ ይዛችሁ እንድትወርዱ እለምናችኋለሁ። ማኅተማችሁን ጠብቁ፤ የጎረቤታችሁንም አስጠብቁ።