የደጋው ብርድና የቆላው ሐሩር፤ በአደጋ ጊዜ የሕዝብ አዳራሾችን ስለማሞቅና ስለማቀዝቀዝ

ለአስተዳደር ባለሥልጣኖችና ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር



ከጎንደር ተነስቶ በዳባትና በደባርቅ የሚያልፈው፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ አዲ አርቃይ የሚደርሰው መንገድ ለእርዳታ ሠራተኛ ትልቅ ትምህርት የያዘ መንገድ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ብርዳም ከተማ ሲሆን፣ አዲ አርቃይ ከእርሱ 1,000 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ይገኛል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። በመሆኑም በአንድ መኪና ተጭኖ የመጣው ሸራ በደባርቅ ሌሊት ነፋስ ከልክሎ ሕይወት ሲያድን፣ በአዲ አርቃይ ቀትር ላይ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው እንደ ምጣድ ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ የመጠለያ ዝግጅት ለሁሉም ሥፍራ አንድ ሊሆን አይችልም።

በ1977 ዓ.ም. በኮረም ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ ሥቃይ ለዓለም የተሰማው በረሃቡ ነው፤ ሌሊቱን ሕይወት ይቀጥፍ የነበረው ግን ረሃቡ ብቻ ሳይሆን የደጋው ብርድም ጭምር ነበር። ወደዚህ አካባቢ ስንመለስ፣ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው ቀዬውን ለቆ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የወጣው ሕዝብ በትምህርት ቤቶች መጠለሉ ይታወሳል። ከቆላ ተነስቶ በክረምት ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ለብርዱ የሚሆን ልብስ ይዞ አይመጣም። በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ጃናሞራን፣ ጠለምትንና በየዳን በጎዳ ጊዜም፣ ረሃብና ብርድ በአንድነት የሚመጡ ጠላቶች መሆናቸው እንደገና ታይቷል።

ብርድ የተራበን ሰው ለምን ቶሎ እንደሚጎዳ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰውነት ሙቀቱን የሚያገኘው ከምግብ ነው። በረሃብ የከሳ ሕፃን የሚያነደው ምግብም ሆነ ብርድ የሚከላከልበት ሥብ የለውም። የብብቱ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜም የደሙ ስኳር አብሮ ይወርዳል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ብርዱ እጅግ በሚጸናበትና ጠባቂው በሚያንቀላፋበት ሰዓት፣ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት ነው።

ትምህርት ቤት፣ የስብሰባ አዳራሽና መጋዘን ለመኝታ ታስበው የተሠሩ አይደሉም። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ ወለላቸው ሲሚንቶ ነው፤ መስኮታቸውም የተሰበረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አዳራሽ በሙሉ ለማሞቅ መሞከር ውሃን በወንፊት እንደመቅዳት ነው። ሊሞቅ የሚገባው አዳራሹ ሳይሆን በውስጡ የተኛው ሰው ነው። ሥራውም ቅደም ተከተል አለው።

በመጀመሪያ ነፋስ የሚገባበትን ማገድ ነው። የተሰበረው መስኮት በላስቲክ ይሸፈን፤ በበሩ ላይ ድርብ መጋረጃ ይሰቀል፤ የግድግዳው ስንጥቅ በጭቃና በጭድ ይመረግ። ሁለተኛው ሰውን ከወለሉ መለየት ነው። ሲሚንቶ ከተኛበት ሰው ሙቀት ስለሚስብ፣ ከላይ ከሚደረበው ሁለተኛ ብርድ ልብስ ይልቅ ከሥር የሚነጠፍ ደረቅ ጭድ፣ ጆንያና ሰሌን የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። በየቤቱ የሚሠራው መደብ ጥበብም ይኸው ነው። ሦስተኛው ከፍታውን መቀነስ ነው፤ በሁለት ሜትር ከፍታ ሸራ ወይም አቡጀዴ ተወጥሮ አዳራሹ በትንንሽ ክፍሎች ቢከፈል ሙቀቱ ወደ ቆርቆሮው አያመልጥም። አንድ ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ከ70 እስከ 100 ዋት የሚደርስ ሙቀት ያመነጫል። በመሆኑም አርባ ሰዎች የተኙበት ክፍል ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ያለው ማሞቂያ እንደተተከለበት ይቆጠራል።

ይሁን እንጂ ሙቀት ፍለጋ ሰውን ማጨናነቅ አይገባም። በሰብአዊ እርዳታ መስፈርት መሠረት ለአንድ ሰው ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር፣ በብርዳም ሥፍራ ደግሞ ምግብ ማብሰያውም ሆነ ሌላው ኑሮ በቤት ውስጥ ስለሚሆን ከ4.5 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው አዳራሽ በዚህ ስሌት ከ36 እስከ 44 ሰው ብቻ ይይዛል። ከዚህ ያለፈ መጨናነቅ ለኩፍኝ፣ ለተስቦና ለሳንባ በሽታ በር ይከፍታል።

አራተኛው ምግብ ነው። ማታ የሚሰጥ ትኩስ አጥሚት እንደ ማሞቂያ ይቆጠር። ሁኔታው ለጸናበት ሕፃን በጤና ባለሙያ የታዘዘው የሕክምና ወተት ሌሊትም ሳይቋረጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ራሱ ተሸፍኖ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ ተያይዘው በአንድ ብርድ ልብስ ይጠቅለሉ። ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ እስካሁን በመኪና ተጭኖ አልመጣም።

እዚህ ላይ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። መስኮቱ በታሸገ አዳራሽ ውስጥ የከሰል ማንደጃ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ የተኛው ሰው ሳይነቃ ያልቃል። ነፋስን የማገዱ ሥራ በደንብ በተሠራ መጠን የከሰሉ አደጋ ይበልጥ ይከፋል። ስለዚህ እሳት የሚነድበት ሥፍራ ከአዳራሹ ውጭ ይሁን፤ በጣሪያው ሥርም ትንሽ የአየር መውጫ ይተው።

የናፍጣ ማሞቂያ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሊመረጥ የሚገባው ማሽኑ ከውጭ ቆሞ፣ ጭሱን በጭስ ማውጫ አስወግዶ፣ ንጹሕ ትኩስ አየር ብቻ በቱቦ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ዓይነት ነው። 30 ኪሎዋት ያለው ማሞቂያ በሰዓት 3 ሊትር ያህል ናፍጣ ስለሚፈጅ፣ በ12 ሰዓት ሌሊት 36 ሊትር፣ በወር ከ1,000 ሊትር በላይ ይጠይቃል። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል ከአምስት በላይ ማለት ነው። መንገድ የተዘጋ ዕለት ማሽኑም ይቆማል። በመሆኑም ማሞቂያው ለሕሙማን፣ ለአራሶችና ለአዛውንቶች ክፍል ይመደብ እንጂ የአጠቃላዩ መጠለያ ተስፋ አይደረግ።

ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ሲደረስ ሥራው ይገለበጣል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. 600,000 ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ብዙው ደገኛ የቆላውን ሐሩርና ወባ ያልለመደ ነበር። በቆላ አዳራሽ ዋናው ጠላት በፀሐይ የጋለው ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው በላይ ክፍተት ተትቶ የሣር ዳስ ቢጣል ወይም ጣሪያው ኖራ ቢቀባ ሙቀቱ ይቀንሳል። ከታች ቀዝቃዛ አየር የሚገባበት፣ ከላይ ሞቃቱ የሚወጣበት መስኮት ይከፈት፤ ለወባ መከላከያም አጎበር ይሰቀል። በአዳራሹ አጠገብ የሚተከል የሣር ዳስም ለቀን ውሎ ከአዳራሹ ይሻላል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው ላቡን አየሩ ሲያደርቀው ነው፤ እርጥብ ጨርቅ በመስኮት መስቀልም በዚሁ ምክንያት በበጋ ይጠቅማል። በክረምት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

እንግዲህ ከእያንዳንዱ ወረዳ የሚጠበቀው ችግሩ ሳይደርስ በፊት መጠለያ ሊሆኑ የሚችሉትን ሕንፃዎች መዝግቦ መያዝ ነው። የወለላቸው ስፋት፣ የጣሪያቸው ዓይነት፣ የተሰበሩት መስኮቶች ብዛት፣ የውሃና የጭድ ምንጭ በጽሑፍ ይታወቅ። ሕዝቡ በር ላይ ከቆመ በኋላ ሚስማርና ላስቲክ መፈለግ ዘግይቶ መነሳት ነው። እህል ደርሶለት በብርድ የሞተ ሕፃን በረሃብ ከሞተው ተለይቶ አይታይም፤ ሁለቱም ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ናቸውና።